ያረጀች ሃይሉክስ፦ ሞተር ማስወረድ፣ ሞተር መቀየር ወይስ መሸጥ?

ባለፈው ሰኞ ከባቲ ገበያ ስመለስ ነው። ኮምቦልቻን አልፌ የደሴን ዳገት እንደጀመርኩ አንዲት ነጭ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ጥግ ይዛ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቷል። ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራዲያተሩን ያየዋል፤ ራዲያተሩም እንፋሎቱን ይተፋበታል።

"አብሽር፣ ምን ሆነች?" አልኩት።

"ምንም አልሆነችም ወንድሜ። ሞተሯን ባለፈው ወር ነው ያስወረድኳት። ትንሽ ውሃ ትጠጣለች እንጂ ጤነኛ ናት።"

ሳቄን ዋጥኩት። ይቺን መልስ ከአራት ዓመት በፊት እኔም ለሰው መልሻታለሁ፤ ያውም እዚያው ዳገት ላይ። ያለኝን ብር በሙሉ ሞተር ማስወረድ (አውጥቶ ማደስ) ላይ አፍስሼ ራዲያተሩን "ለሌላ ጊዜ" ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ወር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተሰነጠቀና ወደ ጋራዥ ተመለስኩ።

ይህን የምጽፈው አሮጌ ፒካፕ ይዞ "ላድሳት ወይስ ልሽጣት" እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው። ለሠርግ አጃቢ የምትሆን መኪና ለሚፈልግ አይደለም። ጋራዥ በወጣች ማግስት ከሐርቡ ሽንኩርት ጭና ደሴ የምትወጣ መኪና ለሚፈልግ ነው። የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1994 ስሪት ሃይሉክስ ናት፤ ከአጎቴ የመጣች። ኒሳን ወይም አይሱዙ ላላችሁም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየውን እየነካሁ እሄዳለሁ።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለፈው ሳምንት የመለዋወጫ ዋጋ ለዛሬ አይሠራም። እኔ የምለካው በምልልስ ነው። ይህ ጥገና የስንት ምልልስ የሽንኩርት ጭነት ትርፍ ይበላል? ከሐርቡ ደሴ አርባ ምልልስ ከሆነ አርባ ነው። እናንተም በራሳችሁ ሥራ ቁጠሩት፤ ብሩ ቢወጣም ቢወርድም ስሌቱ ይሠራል።

ለመሸጥ የሚያበቃው ሻንሲው ነው

የዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆን "ሸጠህ የተሻለ ግዛ" ቀላል ምክር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ግን ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ተወደደ። የናንተን በጥሩ ዋጋ ትሸጣላችሁ፤ በምትኩ የምትገዟትም በዚያው ልክ ተወዳለች። ደግሞም የራሳችሁን መኪና በሽታ ታውቃላችሁ። የምትገዟትን መኪና በሽታ የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ እሱ ደግሞ አይነግራችሁም።

ስለዚህ እኔ ሽጡ የምለው ሁለት ነገር ሳይ ብቻ ነው። አንደኛው ሻንሲው (መኪናዋን የሚሸከመው የታችኛው የብረት አጽም) አልቆ ከሆነ። ሁለተኛው ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬው ላይ ያለው የማይገጥም ከሆነ። የሁለተኛው ጣጣ ብዙ ነው፤ ለገዢው ሳትነግሩ እንዳትሸጡ። ቁጥሩ አብዛኞቹ ሃይሉክሶች ላይ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ ተመትቷል። በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና አንብቡት።

ለሻንሲው መጀመሪያ ላቫጆ ወስዳችሁ ከሥር በደንብ አሳጥቧት። ጭቃ ብዙ ነገር ይደብቃል። ከዚያ ትንሽ መዶሻ ያዙና ሥሯ ግቡ። ከጋቢናው ኋላ፣ የባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ማንጠልጠያ የተያዘበት ቦታና ከኋላው ዲፈረንሻል በላይ ያለውን ጉብታ እየቀጠቀጣችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰ ብረት ድምፁ ይታፈናል፤ አንዳንዴም መዶሻው ሰምጦ ይቀራል። ከአፋር በኩል ጨው ጭና የምታውቅ መኪና ከሆነች ሁለት ጊዜ ቀጥቅጡ። ጨው ከካሶኒው (ከኋላው የጭነት ሳጥን) ሥር ገብቶ ዓመታት ቁጭ ብሎ ይበላል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሟት። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ በጣት ለኩ፤ ከታችም ለኩ። ከላይ ሦስት ጣት፣ ከታች አንድ ጣት ከሆነ ሻንሲው በጭነት ጎብጧል ማለት ነው። ሻንሲው ከጋቢናው ኋላ ታጥፎ ካሶኒው ወደ ኋላ ወድቋል። ይህን ቀለም አይደብቀውም፤ ሻጮችም አይደብቁትም፤ ብዙ ሰው ስለማያየው።

አንድ ቦታ የተሰነጠቀ ወይም የሳሳ ሻንሲ ይበየዳል፤ መጥፎ አይደለም። ብቻ ስንጥቁን ከላይ ወደ ታች በቀጥታ መስመር በይዶ የሚመልስላችሁን ሰው ተጠንቀቁ። ብየዳው ያለፈበት ጠርዝ ይደርቅና ከአጠገቡ እንደገና ይከፈታል። ስንጥቁ ከተበየደ በኋላ በላዩ ጠፍጣፋ ብረት ይደረብ፤ የብረቱም ጫፎች በሰያፍ ይቆረጡ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ አለበለዚያ ዲናሞው አብሮ ይቃጠላል። ሁለት ሦስት ቦታ የተሰነጠቀና የጎበጠ ከሆነ ግን ለሰው ሕይወት ስትሉ ተዉት።

ሻንሲው ደህና ከሆነ ማደስ ያዋጣል። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሞተሩን ነው።

ሦስቱ የሞተር መንገዶች

ሞተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) አስለኩ። ደህና የናፍጣ ቶዮታ ከኤል ቤተሰብ (2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል ከሚባሉት ሞተሮች) ከሆነ በያንዳንዱ ሲሊንደር ወደ 30 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ያሳያል። ከ20 በታች ከወረደ አልቋል። አራቱ እርስ በርስ ከ5 በላይ ከተለያዩም አንዱ ታሟል ማለት ነው። መለኪያ የሌለው መካኒክ "በጆሮዬ አውቀዋለሁ" ይላል። ጆሮውን አክብሩለት፤ መለኪያ ያለው ጋ ግን ሂዱ።

ጭሱንም እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላች ነው። ሞቃም የማይለቃት ነጭ ጭስ ውሃ ወይም ያልነደደ ናፍጣ ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቶ ወይም አየር አንሶ ነው፤ ደሴ ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ብታዩ አትደንግጡ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ደግሞ እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት የምትተፋ ከሆነ ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) ጨርሷል።

የመጀመሪያው መንገድ ከፊል ጥገና ነው። ቴስታታ ማስወረድ፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) መቀየር፣ አዲስ ፋሻ ማስገባት፣ መግጠም። በርካሽ ያልቃል፤ በጥቂት ቀን ትወጣለች። የሚሠራው ግን ሲሊንደሩ ካልተበላ ብቻ ነው። ቴስታታው ሲነሳ ጣታችሁን አስገብታችሁ ሲሊንደሩን ከላይ ጠርዙ በታች በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለ ግድግዳው ተበልቷል። በተበላ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ መክተት ያረጀ ቀዳዳ ላይ አዲስ ቡሽ እንደ መወተፍ ነው። ለጥቂት ወር ጭሱ ይጠፋል። ከዚያ ይመለሳል። ሊሸጧት የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ይወዱታል፤ ስትገዙም አስታውሱት።

ሁለተኛው ሙሉ ማስወረድ ነው። ብሎኩ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ሲሊንደሩ ይሰፋል፤ 0.50 ወይም 1.00 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ይገባል። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ይለካል፤ ከተበላ ይሞረዳል። ቴስታታው በግፊት ስንጥቅ ይፈተሻል፤ ቫልቮላዎቹ ይቀመጣሉ። የነዳጅ ፖምፓውና ናፍጣ የሚረጩት ኢኜክተሮችም አብረው መስተካከል አለባቸው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆጥባል። አዲስ ፒስተን አናት ላይ ናፍጣ እንደ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ኢኜክተር ካለ ፒስተኑን ይበሳዋል።

የዚህ መንገድ ጥቅም ሞተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቃችሁ ነው። የሞተር ቁጥሩም አይቀየርም፤ ሊብሬውም ሰላም ያድራል። ጉዳቱ ጊዜ ነው። ከደሴ ቶርኖ ቤት፣ ከዚያ ለአንዲት ዕቃ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ "ነገ ይገባል"። የኔዋ አምስት ሳምንት ፈጅታለች። በዚያ መሃል ደንበኞቼ ሌላ መኪና ለመዱ። ይህንንም በምልልስ ቁጠሩት።

ሦስተኛው ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም ነው። ሰው "የዱባይ ሞተር" ይለዋል፤ ከየትም ይምጣ። በሁለት ሦስት ቀን ትወጣላችሁ። ዕድል ካላችሁ ከታደሰ ሞተር ይበልጣል፤ የፋብሪካ ልክ ነውና። ዕድል ከሌላችሁ የሰው ጣጣ ተሸክማችሁ ገባችሁ።

እኔ ቴስታታዬ የተሰነጠቀ ጊዜ ሦስተኛውን ሞክሬ ነበር። ሞተሩ በነዳጅ ታጥቦ፣ ብር ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ሻጩ "ወላሂ እንዲህ ያለ አልመጣም" አለኝ። ገዛሁት። ተገጠመ። ቀዝቃዛ እያለ ድምፁ ማር ነው። ከደሴ ሐይቅ ከተማ ደርሼ ስመለስ፣ ሲሞቅና ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር፣ የዘይቱ መብራት ብልጭ አለ። ታች ያሉት፣ ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ተበልተው ኖሯል። ተመልሼ ስሄድ "ከኔ ሱቅ ሲወጣ ደህና ነበር" ተባልኩ። ጽሑፍ አልነበረኝም።

ያኔ ሞተሩን ያወረዱልኝ ሽማግሌ መካኒክ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ስትገዛው የዘይት ፊልትሮውን ፈተህ አይተሃል?"

"የለም አባቴ፤ ንጹሕ ነው ብዬ።"

"ንጹሕነቱ ነው ያሳበደህ። እኔ ቆሻሻ ሞተር ነው የምገዛው። ቆሻሻው ይናገራል።"

ትክክል ናቸው። ያልታጠበ ሞተር በየት በኩል ዘይት እንደሚያፈስ ያሳያል። አሁን ስገዛ የማደርገው ይህ ነው፦ የዘይት ፊልትሮውን አስፈትቼ እቀደዋለሁ፤ ወረቀቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ እተወዋለሁ። ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዞራለሁ፤ የሚይዝበት ቦታ ካለ እተወዋለሁ። የውሃ መግቢያውን በባትሪ አያለሁ፤ ዝገት ከሞላው ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ነው። በየመጋጠሚያው ትኩስ ሲልከን ካየሁ ሞተሩ አንዴ ተከፍቷል፤ "አልተነካም" የሚለውን ወሬ አልሰማም። ከሁሉ በላይ የመሞከሪያ ቀን በጽሑፍ፣ በፊርማ እቀበላለሁ።

ወረቀቱም አለ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ስለተጻፈ፣ ሞተር ስትቀይሩ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ለዚህ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ዲክላራሲዮን ወይም ሕጋዊ የግዢ ሰነድ ይጠየቃል። ሰነድ የሌለው ሞተር ይረክሳል፤ የዓመቱ ምርመራ ሲመጣ ግን ቦሎ ሳትይዙ ትቀራላችሁ።

ከሦስቱ የቱ? የራሳችሁ ብሎክ ሲለካ 1.00 የማያልፍ ከሆነና ክራንክሻፍቱ ካልተሰነጠቀ የራሳችሁን አውርዱ። ብሎኩ ከዚያ በፊት 1.00 ገብቶበት ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ሰነድ ያለው ያገለገለ ሞተር ፈልጉ። ፋሻ ብቻውን? ኪስ ባዶ ሲሆንና ጥፍራችሁ እርከን ካላገኘ።

2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል

ሞተር ከተቀየረ የትኛው? የድሮ ሃይሉክስ ላይ የሚመጡት የኤል ቤተሰብ ናቸው። 2ኤል 2,446 ሲሲ ነው። 3ኤል 2,779። 5ኤል 2,986። አቀማመጣቸው ስለሚመሳሰል አንዱን አውጥቶ ሌላውን መግጠም ብዙ ብየዳ አይጠይቅም።

ሜዳ አገር ቢሆን 2ኤልም ያኖራል። ወሎ ግን ሜዳ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ደሴ ላይ ሩብ የሚሆነው ጉልበት የለም ማለት ነው። ባቲ ላይ በ1,500 ሜትር የምትጋልብ መኪና ደሴ መግቢያ ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት ለዚህ ነው። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ 5ኤል፤ ካልተገኘ 3ኤል። 2ኤል ላይ ጭነት ጭኖ ኩታበር መውጣት በሁለተኛ ማርሽ መኖር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ጉልበት አነሰ ሲባል መካኒኩ ፖምፓው ላይ ያለውን ብሎን ይፈታና "ነዳጅ ከፈትኩልህ" ይላል። የጎደለው ግን አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው፤ ቀጥሎ ሙቀት፤ ቀጥሎ ቴስታታ። ፖምፓውን በማሽን የሚያስተካክል ሰው እንጂ በጠመዝማዛ ቁልፍ የሚያዞር ሰው አይንካው።

ቱርቦ ያለው 2ኤልቲ ጉልበት አለው፤ ግን ቴስታታው በመሰንጠቅ ስም ያወጣ ነው። እኔ አልገባበትም። አዲሶቹ ኮመንሬል ሞተሮች፣ 1ኬዲና 2ኬዲ፣ ዳገት ላይ ይበልጣሉ፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በኮምፒዩተርና በሽቦ የሚሠሩ ናቸው፤ ኢኜክተራቸውም ቆሻሻ ናፍጣ አይችልም። ነዳጅ ጠፍቶ ከበርሜል በጀሪካን የቀዳችሁበትን ቀን አስቡ። አሮጌው የኤል ሞተር ያን ናፍጣ አጉረምርሞ ይጠጣዋል።

የኤል ሞተር ሌላው ጉዳይ የታይሚንግ ቺንጋ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ። ያገለገለ ሞተር ስትገጥሙ ቺንጋው ስንት እንደሠራ ማንም አያውቅም፤ ሳይገጠም በፊት ቀይሩት። የኒሳን ቲዲ27 ባለቤቶች እዚህ ላይ ይስቁብናል፤ የነሱ በጥርስ ነው የሚዞረው።

ፍሬንና ባሌስትራ፦ ሰው የማይከፍልበት ቦታ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሞተር የሌላት መኪናም ትወርደዋለች። ፍሬን የሌላት ግን እንዴት እንደምትወርድ የሐረጎ ቁልቁለት ላይ አይታችኋል። አሁን እንደገና ብጀምር ከብሬ የመጀመሪያውን ለፍሬን ነበር የማወጣው።

ከሸራውና ከታምቡሩ በፊት አንድ ነገር እዩ። የናፍጣ ቶዮታ ፍሬን የሚረዳው ቫኩም ከሞተሩ አይመጣም፤ ዲናሞው ጀርባ ላይ ካለች ትንሽ ፖምፓ ነው። ዲናሞ ሲቃጠል ርካሽ ተብሎ ያቺ ፖምፓ የሌለው ወይም የደከመችበት ይገጠማል። ባትሪ ይሞላል፤ መብራት ይበራል፤ ሰው ይረሳዋል። ፔዳሉ ግን ድንጋይ ይሆናል። "ፍሬኔ ከበደኝ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ዲናሞውን ነው የማየው።

ከዚያ ባሌስትራ። እዚህ ጋ ሁለት ምርጫ አለ። የወደቀውን ባሌስትራ በሙሉ መቀየር፣ ወይም ያለው ላይ አንድ ሁለት ብረት መጨመር። በኛ አገር ሁሉም ይጨምራል። ይረክሳል፤ መኪናዋም ቂጧን ከፍ አድርጋ ትቆማለች፤ ባለቤቱም "አሁን 20 ኩንታል ትችላለች" ይላል። አትችልም። ነጠላ ጋቢናዋ የተሠራችው ለአንድ ቶን ገደማ ነው፤ 10 ኩንታል። ባሌስትራው ቢጠነክርም ሻንሲው፣ የጎማው ኩሽኔታና ፍሬኑ ያው ናቸው።

የባሰው የማይታየው ነው። ብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። ሥራዋ የካሶኒውን ከፍታ አይቶ የኋላውን ፍሬን መመጠን ነው። ካሶኒው ዝቅ ሲል "ጭነት አለ" ብላ ለኋላ ብዙ ፍሬን ትሰጣለች። ከፍ ሲል "ባዶ ናት" ብላ ትቀንሳለች። ባሌስትራ ስትጨምሩ ካሶኒው ጭነት እያለውም ከፍ ብሎ ይቆማል። ቫልቯ ትታለላለች። 10 ኩንታል ቲማቲም ጭናችሁ ቁልቁለት ላይ ፊት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የፊቱ ዲስክ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይሰምጣል። ባሌስትራ ከጨመራችሁ የቫልቯ ዘንግ አብሮ ይስተካከል። ይህን ሳትነግሩት የሚያደርግ ባሌስትራ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ንገሩት።

የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ይፈላል። ታምቡር ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይቻላል፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ልክ ካላለፈ። ካለፈ ይቀየር።

ራዲያተር

ደሴ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ላስቲኩ የደረቀ የራዲያተር ክዳን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው ይልቅ እናንተን ይጎዳል። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ ነው ውሃው ከመቶ አልፎ የሚታገሠው። ትንሽ ክዳን ናት፤ ቀይሯት።

የድሮው ነሐስና መዳብ ራዲያተር ተከፍቶ ይጠረጋል፤ ይበየዳል፤ አዲስ ልብ ይገባለታል። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ የሆነው ግን ከተሰነጠቀ ይጣላል። ነሐሱ ካላችሁ አትለውጡት። ቴርሞስታቱን "አገሩ ይሞቃል" ብሎ አውጥቶ መጣልም ልማድ ሆኗል። ደሴ ጠዋት ላይ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ፋሻም ዘይትም ይጎዳል። ከወንዝ የቀዳችሁት ውሃ ዝገት ያመጣል፤ ኩላንት ግዙ።

ቦዲና ካሶኒ

ቀለም መጨረሻ ነው። ስቱኮ በዝገት ላይ መለጠፍ እስከ ክረምት ነው የሚያቆየው፤ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ካልተበየደበት የፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ዝገት ከውስጥ ይቀጥላል። የጋቢናው ወለል ከተበሳ ግን አትጠብቁ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ካሶኒ ላይ የፋብሪካውን መጠገን ወይስ አዲስ ማሠራት? ሰው ወፍራም ያሠራል፤ "እስከ ልጅ ልጅ" እያለ። ስሌቱን እንየው። 3 ሚሊ ላሜራ አንድ ካሬ ሜትሩ 23 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ወለሉ ብቻ ሦስት ካሬ ተኩል ቢሆን ከ80 ኪሎ ያልፋል። ስፖንዳ (የጎኑ ግድግዳ) እና ከሥሩ የሚገባው ብረት ሲጨመር ከ10 ኩንታላችሁ ሁለቱን ካሶኒው ራሱ ጫነው። 2 ሚሊ አድርጉትና ከሥሩ ድጋፉን አብዙት። ሽንኩርት ድንጋይ አይደለም።

ኦሪጅናል፣ ኮፒ፣ ያገለገለ

ሞተር ውስጥ የሚገባና ፍሬን ላይ የሚገባ ነገር ኦሪጅናል ይሁን። ፋሻ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ጎሚኒ። ኮፒው ግማሽ ዋጋ ቢሆንም ለመቀየር ሞተሩ እንደገና ይወርዳል። መብራት፣ መስታወት፣ ፍሬቻ፣ የበር እጀታ ኮፒ ይበቃል። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የዲፈረንሻል ጥርስ ላይ ግን አዲስ ኮፒ ከመግዛት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ኦሪጅናል መፈለግ ይሻላል፤ የድሮው ጃፓን ብረት አይበላም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አትመኑ። ማሸጊያ ማተም ከዕቃው ይቀላል። የቆየ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና በእጁ ይመዝነው።

ባንዴ ወይስ በየተራ?

ብር ካለ ባንዴ ይመረጣል፤ ሞተር ሲወርድ ፍሪሲዮኑም፣ የሞተር እግሩም፣ የውሃ ፖምፓውም ያለ ተጨማሪ የጉልበት ዋጋ ይቀየራሉ። ብዙዎቻችን ግን በየተራ ነን። የኔ ቅደም ተከተል ሻንሲ፣ ፍሬን፣ ራዲያተር፣ መሪና ቲራንቲ (መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ዘንግ)፣ ሞተር፣ ጎማ፣ ካሶኒ፣ ቀለም ነው። ዘይት የምትበላ ግን ፍሬኗ የሚይዝ መኪና ግማሽ ዓመት ሠርታ የሞተሯን ብር ታመጣለች። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ቆማ የከረመች ከሆነች ደግሞ ከሁሉ በፊት የነዳጅ ታንከሩ ይውረድና ይታጠብ፤ ጎማዎቹም ባይበሉም ቀኑ አልፎባቸዋል።

የታደሰ ሞተር ሮዳጅ (የማለማመጃ ጊዜ) አለው። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር በግማሽ ጭነት፣ ሳታስጮኹ ሥሩ፤ ከዚያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። ከዚያ ወዲያ በየ5,000።

ወቅቱም ቁም ነገር ነው። ሞተርና ብየዳ በክረምት አስገቡ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭነት ይቀዘቅዛል፣ የገጠሩም መንገድ ይዘጋል። ቀለሙን ግን ያኔ አታስነኩ። የደሴ ጉምና ዝናብ ባለበት ያልደረቀ ስቱኮ ላይ የተቀባ ቀለም በጥቅምት እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የኔዋ አሁንም ባለ ሁለት ቀለም ናት፤ መስቀል ሲያልፍ እወስዳታለሁ።